የልጅን አደጋ ወላጅ ሊፈርምለት ይችላልን?

‹‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር›› ይላል ያገሬ ሰው፡፡ ስኪ የሚባሉትን ሁለት ረዣዥም መንሸራተቻዎች በእግሩ አስሮ ከተራራ አናት ቁልቁል የሚወርድ አባትና ከኋላው የሚከተሉትን ሚስቱንና ልጆቹን በቴሌቪዥን ያየ ብዙ ሰው መጀመርያ ትዝ የሚለው ይኸው ምሳሌ ነው፡፡ በረዶን ማሳ አውዳሚ አድርጎ ለሚያውቅ ገበሬ ልጅ፣ ገንዘብ ከፍሎ በረዶ ፍለጋ ተራራ መውጣት የጤነኛ ሥራ አይመስለውም፡፡

ነገር ግን ጉዳዩ ከቴሌቪዥን ወጥቶ ወደ ቤታችን ከገባ ሰንብቷል፡፡ በዴንቨር፣ በዙሪክ፣ በስቶክሆልምና በኦስሎ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች በብርዱ ወራት ወደ ተራራ ይወጣሉ፡፡ ልጁ አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣና ‹‹አባዬ ፈርምልኝ›› ይላል፡፡ በዴንቨር የሚኖር አንድ የዘመድ ልጅ ስልክ ደውሎ፣ ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ የተማሩ ነዎት፤ ልጄ ቢሞትም ቢጎዳም አልከስም ብዬ እንድፈርም ይጠይቁኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ይፈረማል?›› ሲል ጠይቆኛል፡፡ ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም፡፡ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና የኮሎራዶ ምክር ቤት ከሃያ ዓመታት በላይ የተከራከሩበት ጥያቄ ነው፡፡

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ደስታው ጥቂት ልበል፡፡ ደስታውን ያላወቀ ሰው ስለ አደጋው የሚሰጠው ፍርድ ሚዛን አይኖረውምና ነው፡፡

ደስታው

ከስፖርቶች ሁሉ አያት፣ አባትና የልጅ ልጅ በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ጥቂቱን ነው፡፡ በእግር ኳስ አባት በአርባ ዓመቱ ወደ ተመልካችነት ይወርዳል፡፡ በስኪ ግን የሰባ ዓመት አዛውንት ከስድስት ዓመት ሕፃን ጋር በአንድ ተዳፋት ይወርዳሉ፡፡ ከዚህም በላይ ልጅ ወላጁን ቶሎ ይቀድማል፡፡ በጎልማሳነቱ ለጀመረ ስደተኛ ወላጅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ልጁ አስተማሪ፣ አባት ተማሪ ይሆናሉ፡፡ ቀኑን ሙሉ በሥራ ተጠምዶ የሚውል ወላጅ ከልጁ ጋር ተሳስቆ የሚወድቅበትና የሚነሳበት አንድ ቀን ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ሁለተኛው ደስታ የባለቤትነት ነው፡፡ ኖርዌያውያን ‹‹እኛ ስኪ በእግራችን አስረን ነው የምንወለደው›› ይላሉ፡፡ በስዊድን ለበረዶ ስፖርት ተብሎ በየካቲትና በመጋቢት ገደማ ትምህርት ቤቶች አንድ ሳምንት ይዘጋሉ፡፡ ከዕረፍቱ መልስ የክፍሉ ወሬ ሁሉ ስለ ተራራው ሲሆን ምንም የማይናገር ልጅ እንግድነቱን ያውቃል፡፡ ስለዚህ ‹‹የፈረንጅ ቅብጠት ነው›› ብሎ መከልከል ልጁን ከሚያድግበት አገር መለየት ነው፡፡

ገንዘቡስ? እውነት ነው፤ የተራራው ትኬት፣ የዕቃው ኪራይና ማደሪያው የሠራተኛን ኪስ ያራቁታሉ፡፡ በዚህ ረገድ የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) የሰጠው ውሳኔ ሊታወቅ ይገባል፡፡ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሁሉ የግድ እንዲሳተፉ ባዘዘበት የስኪ ሰፈር ወይም ሽርሽር ከወላጅ ሊጠይቅ የሚችለው ልጁ ቤቱ ቢሆን ይበላው የነበረውን የምግብ ወጪ ብቻ፣ ማለትም እንደ ልጁ ዕድሜ በቀን ከ10 እስከ 16 ፍራንክ ነው ብሏል፡፡ መሠረታዊ ትምህርት ነፃ ነው ከተባለ የግዴታው ተራራም ነፃ ነው ማለት ነው፡፡

ርካሹና ከሁሉም ይልቅ አደጋው ያነሰው ደግሞ አገር አቋራጭ ስኪ ነው፡፡ ማውጫ ወንበር አይፈልግም፤ ቁልቁለቱም ለስላሳ ነው፡፡ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመርያ ጊዜ ወክሎ በ2006 በቶሪኖ፣ ቀጥሎም በ2010 በቫንኩቨር የተወዳደረው የአዲስ አበባ ተወላጁ ሮቤል ተክለማርያም የመረጠው ይህንኑ ነው፡፡ ለጀማሪ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መግቢያ በር አላውቅም፡፡

አደጋው

አሁን ወደ አደጋው፡፡ ጥንቃቄ ሁሉን ነገር እንደማያድን የሚያሳየው የመኪና እሽቅድድም ጀግናው የሚካኤል ሹማኸር ነገር ነው፡፡ በታኅሣሥ 29 ቀን 2013 በፈረንሳይ ሜሪቤል ከ14 ዓመት ልጁ ጋር ሲንሸራተት በሁለት የተከለሉ መስመሮች መካከል ባለው ያልተጠረገ በረዶ ውስጥ ገብቶ ወደቀ፡፡ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፡፡ የራስ ቁር አድርጎ ነበር፡፡ ዐቃቤ ሕግ መርምሮ በየካቲት 2014 የሚከሰስ አካል የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋ፡፡ መስመሩ በአግባቡ ተከልሎ ነበርና ከክልሉ የወጣ ሰው የወጣበትን አደጋ ራሱ ይሸከማል፡፡

ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን ደግሞ በመጋቢት 2009 በካናዳ ሞን ትራምብላን በጀማሪዎች ተዳፋት ላይ ከአስተማሪ ጋር እያለች ወደቀች፡፡ የራስ ቁር አላደረገችም፡፡ ተነስታ ደህና ነኝ አለች፡፡ ከሁለት ቀን በኋላ በራስ ቅሏ ውስጥ በፈሰሰው ደም ምክንያት አረፈች፡፡ ከዚህ የምንማረው፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ እየሳቀ ቢሮጥም እንኳ ሐኪም ሳያየው ወደ ማደሪያው መመለስ እንደሌለበት ነው፡፡

መንግሥታትም ይህንን እያዩ ሕጋቸውን አጥብቀዋል፡፡ ጣልያን መጀመርያ ከ14 ዓመት በታች ያሉትን፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አስገደደች፡፡ በዚያው በ2022 በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ሳይኖር በተዳፋት ላይ መንሸራተትን ከለከለች፡፡ ከኅዳር 2025 ወዲህ የራስ ቁሩ ግዴታ ወጣት አዛውንት ሳይል ሁሉንም ይመለከታል፡፡ ‹‹በራሴ ጭንቅላት ማን አገባው?›› የሚል ይኖራል፡፡ ልጁ የሚያየው የአባቱን ጭንቅላት ነውና እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፡፡

ጥፋቱ የማን ነው?

በተዳፋት ላይ የትራፊክ ፖሊስ የለም፤ ሕግ ግን አለ፡፡ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በ1967 ያወጣቸው የሥነ ምግባር ደንቦች ዛሬ አሥር ናቸው፡፡ ፓርላማ ባያወጣቸውም የአውሮፓ ዳኞች ቸልተኝነትን የሚመዝኑት በእነዚሁ ነው፡፡ ከሁሉም ዋናው አንድ ነው፤ ከላይ የሚመጣ ከታች ላለው ይጠንቀቅ፡፡ ከታች ያለው ከኋላው የሚመጣውን አያይምና፡፡ ፍጥነትን ከችሎታና ከአየሩ ጋር ማመጣጠን፣ ከመንገዱ መካከል አለመቆም፣ የተጎዳን መርዳትና ማንነትን መግለጽም ከአሥሩ ውስጥ ናቸው፡፡

ይህ ደንብ ለታዋቂ ሰውም አይታጠፍም፡፡ የጀርመን ቱሪንገን ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዲተር አልትሃውስ በጥር 1 ቀን 2009 በኦስትሪያ ከአንዲት እናት ጋር ተጋጭተው እሷ ሞተች፤ እሳቸው በጽኑ ቆሰሉ፡፡ እሳቸው የራስ ቁር ነበራቸው፤ እሷ አልነበራትም፡፡ በመጋቢት ወር የኦስትሪያ ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ 33,300 ዩሮ ቀጣቸው፡፡ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ደግሞ ተዋናይት ግዊነት ፓልትሮ በ2016 ከልጆቿ ጋር ለመዝናናት በሄደችበት ተራራ ከአንድ ጡረተኛ ጋር ተጋጭታ በ2023 ፍርድ ቤት ቀረበች፡፡ የክርክሩ ጭብጥ ‹‹ከላይ የነበረው ማን ነው?›› የሚል ብቻ ነበር፡፡ ዳኞቹ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የከሳሹ ነው ብለው የጠየቀችውን 1 ዶላር ፈረዱላት፡፡ የአንድ ቀን ጨዋታ ሰባት ዓመት ሙሉ አላስተኛቸውም ማለት ነው፡፡

የወላጅ ፊርማ

እስካሁን ያነሳሁት ሰው በራሱ ላይ ወይም በሌላ ሰው ላይ ስለሚያመጣው አደጋ ነው፡፡ የዘመዴ ልጅ ጥያቄ ግን ተራራውን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ስለሚፈረመው ነው፡፡

ኮሎራዶ በ1979 ባወጣችው የስኪ ደኅንነት ሕግ ከስፖርቱ ጋር አብረው የሚኖሩ አደጋዎችን፣ ማለትም በረዶውን፣ ዛፉን፣ ድንጋዩንና ውድቀቱን ሰውየው ራሱ እንዲሸከም አድርጋለች፡፡ ይህ ፍትሐዊ ነው፡፡ የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2068 ተመሳሳይ መንፈስ አለው፡፡ በስፖርት ጨዋታ ላይ በሌላው ተጫዋች ወይም በተመልካች ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ ተንኮል ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ መጣስ ከሌለበት በቀር ኃላፊ አይሆንም ይላል፡፡ ስለ ስኪ የታሰበ ባይሆንም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ወደ ጨዋታ የገባ የጨዋታውን ግጭት ይቀበላል፤ ደንብ መጣስን ግን አይቀበልም፡፡

ችግሩ የመጣው ለልጅ ሲፈረም ነው፡፡ አንድ የ17 ዓመት ተወዳዳሪ በልምምድ ላይ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ዓይኑን አጣ፡፡ እናቱ አስቀድማ ፈርማ ነበር፡፡ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002፣ ወላጅ ገና ላልደረሰ ጉዳት አካለ መጠን ያላደረሰ ልጁን የመክሰስ መብት አስቀድሞ ሊሸጥ አይችልም አለ፡፡ የክለቦችና የተራራ ድርጅቶች ስሞታ በረታ፡፡ ምክር ቤቱ ዓመት ሳይሞላ በ2003 ሕግ አውጥቶ ውሳኔውን ሻረው፡፡ ከባድ ቸልተኝነትና ሆን ተብሎ የተፈጸመ ድርጊት ካልሆነ በስተቀር የወላጅ ፊርማ ልጁን ያስራል አለ፡፡ ምክንያቱም ተራ አልነበረም፡፡ ድርጅቶች በክስ ፍርሃት በራቸውን ከዘጉ መጀመርያ የሚቀርበት ድሃው ልጅ ነው፡፡

ከዚያም በ2022 በክሬስትድ ቢዩት ተራራ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ሰውን ወደ ላይ በሚያወጣው ወንበር ላይ በትክክል ሳትቀመጥ ወንበሩ ተነሳ፡፡ አባቷ እጇን ይዞ ‹‹አቁሙልን!›› እያለ ጮኸ፡፡ ወንበሩ አልቆመም፡፡ ልጅቱ ከ9 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቃ አከርካሪዋ ተጎዳ፡፡ ድርጅቱ ‹‹ፈርማችኋል›› ብሎ ተከራከረ፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2024 ፊርማው ተራውን የቸልተኝነት ክስ ቢያስቀርም፣ በሕግና በደንብ የተጣለን የደኅንነት ግዴታ ድርጅት በወረቀት ሊያመልጥ አይችልም ሲል ወሰነ፡፡

ይህ ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ፡፡ ቁልቁለቱን አባት በዓይኑ ያየዋል፤ ‹‹ይህ ለልጄ ይከብዳል›› ብሎ ሊመለስ ይችላል፡፡ የማሽኑን ሆድ ግን አያይም፡፡ በኅዳር 2000 በኦስትሪያ ካፕሩን ተራራ ዋሻ ውስጥ በባቡር ላይ በተነሳው እሳት ምክንያት የሞቱት 155 ሰዎች፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው፣ ለዓመታት ስኪ ቢማሩ ምን ይጠቅማቸው ነበር? የእሳቱ መነሻ በሠረገላው ውስጥ የነበረ ማሞቂያ ነው፡፡ በ2004 የተከሰሱት 16 ሰዎች በሙሉ በነፃ ተለቀቁ፡፡ ተሳፋሪ ሊያየው የማይችለውን አደጋ ተሳፋሪ በፊርማው ተቀብሏል ማለት ሕግ ሳይሆን ቀልድ ነው፡፡

እንግዲህ ለዘመዴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፡፡ ፈርም፤ ነገር ግን አንብበህ ፈርም፡፡ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና፣ የምትፈርመው ልጅህ ለምን አደጋ እንደተጋለጠ አውቀህ ይሁን፡፡ አስተማሪ መኖሩን፣ ልጁ የሚወርድበት መስመር ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠይቅ፡፡ በአሜሪካ አረንጓዴው፣ በአውሮፓ ብዙ ቦታ ሰማያዊው ለጀማሪ ነው፤ ጥቁሩ በሁለቱም ለጎበዝ ነው፡፡ ኢንሹራንስህ የተራራ ነፍስ አድንን ይሸፍን እንደሆነ እይ፡፡ የራስ ቁሩን በልኩ ግዛ ወይም ተከራይ፤ አንተም አድርግ፡፡ ከገመዱ ክልል ውጭ እንዳይወጣ ንገረው፤ ከክልሉ ውጭ የበረዶ ናዳ አለ፤ በናዳ የተቀበረ ሰው የመዳን ተስፋው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው፡፡ ማውጫው ወንበር ላይ ከሕፃን ጋር አዋቂ ይቀመጥ፤ መከላከያው ዘንግ ይውረድ፡፡

ለሕግ አውጪዎችም የምለው አለኝ፡፡ ወላጅ ለልጁ ደስታ ሲል ወረቀት ከመፈረም በቀር ምርጫ የለውም፤ አልፈርምም ቢል ልጁ ብቻውን ቤት ይቀራል፡፡ ምርጫ በሌለበት የተፈረመን ወረቀት እንደ ነፃ ፈቃድ መቁጠር ፍትሕ አይደለም፡፡ በረዶውንና ውድቀቱን ወላጅ ይሸከም፤ ማሽኑንና ጠባቂውን ድርጅቱ ይሸከም፡፡ ልጁ ደግሞ ይንሸራተት፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡