ስንቱ ቀረልን?

353,633,660። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓታት ውስጥ ተተከሉ የተባሉት ችግኞች ቁጥር ይህ ነው። እኔ ዓይኔን የጣልኩት መጨረሻ ላይ ባለችው 660 ላይ ነው። እንዴት ያለ ትጋት ነው! ከሞያሌ እስከ ሁመራ፣ ከየቀበሌው፣ ከየትምህርት ቤቱ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ ተለቅሞ፣ አንዲት ችግኝ ሳትረሳ ተደምሮ ለዓለም ተነገረ። ከዚያ ወዲህም በተከታታይ ክረምቶች ሪከርዱ በሌላ ሪከርድ ተሰብሯል። ከተተከሉት ዛሬ ስንቶቹ ቆመዋል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ከ80 በመቶ በላይ ጸድቋል» ነው። የተተከለው እስከ ነጠላ ችግኝ ድረስ ተቆጠረ፤ የተረፈው ግን በመቶኛ ተነገረ። የነገረንም ያው ያስተከለው አካል ነው።

ችግኝ ተከላን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። እኔም ጭቃ ረግጬ ተክያለሁ፣ ገና እተክላለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚህ አገር መንግሥታዊ ይሁን የግል፣ በጎ አድራጊ ይሁን አትራፊ፣ ተቋም ሁሉ «ምን አሳካህ?» ሲባል ያደረገውን ይዘረዝራል፤ ባደረገው ነገር ምክንያት መሬቱ፣ ውሃውና ሰዉ ምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። የወጣ በጀት፣ የቆመ ሕንፃ፣ የሰለጠነ ሰው፣ የተገኘ ትርፍ። የፈለጋችሁትን የሩብ ዓመት ሪፖርት ግለጡ፤ አፈጻጸሙ ከዘጠና በመቶ በታች የሆነ ዕቅድ ካገኛችሁ ለእኔም አሳዩኝ። ዕቅዱ ሁሉ እንዲህ ከተፈጸመ አገሩ ለምን እንዲህ ሆነ? እኔ የምለው አጭር ነው፦ የማንኛውም ተቋም ስኬት በተፈጥሮና በሰው ኑሮ ላይ ባመጣው ለውጥ ይለካ፤ የሥራ አስኪያጁ ቦነስም፣ የኃላፊው ሹመትም፣ የኩባንያው ፈቃድም በዚያው ይታሰር።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። ተራራው ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ገበሬዎቹ በወርልድ ቪዥን አጋዥነት 2,728 ሄክታር ከልለው ከብትም መጥረቢያም ከለከሉበት። አብዛኛውን ዛፍ ማንም አልተከለውም። አፈር ውስጥ የቀረው ጉቶና ሥር ራሱ አቆጠቆጠ፤ እነሱ ገረዙት፣ ጠበቁት። በችግኝ ቆጠራ ቢመዘን ኖሮ ሁምቦ ዝቅተኛ ውጤት አምጥቶ ይወድቅ ነበር። ደግነቱ ገንዘቡ የመጣው በሌላ ሚዛን ነው፦ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ የሚከፍለው ዛፉ ላከማቸው ካርቦን ነበር፤ ከውጭ የመጣ አጣሪ ሄዶ፣ ለክቶ ካላረጋገጠ ክፍያ የለም። ስለዚህ የገበሬዎቹ ማኅበራት ከተከላው ቀን ፎቶ ይልቅ የሚያሳስባቸው የዛፉ መኖር ሆነ። (ስለ ካርቦን ንግድ የምለው ብዙ ክፉ ነገር አለኝ፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።)

የበጎ አድራጎቱ መንደር ደግሞ ይብሳል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ድርጅቶቹ ከበጀታቸው 70 በመቶውን ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶውን ለአስተዳደር እንዲያውሉ አዘዘ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ደግሞ የአስተዳደሩን ጣሪያ ወደ 20 አወረደው። ለአሥር ዓመት ጉልበታችንን የጨረስነው የአሠልጣኝ አበልና የመኪና ነዳጅ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ በሚል ክርክር ነው። የታዘዘው መቶኛ በትክክለኛው ዓምድ ውስጥ ገብቶ አንዲት እናት እንኳ ንጹሕ ውሃ ሳትጠጣ ሊቀር ይችላል፤ ሕጉ ያንን አይጠይቅማ! ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ዓውደ ጥናት ይደረጋል፣ አበል ይከፈላል፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ይነሣል፣ «ይህን ያህል ሴቶች ሠለጠኑ» ተብሎ ለለጋሹ ይላካል። ከዓመት በኋላ የሴቶቹን ደጃፍ አንኳኩቶ «ኑሮሽ ተለወጠ ወይ?» ያለ ሰው ስንት ነው?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያናድድ እንጂ የሚገድል አይደለም። የሚገድለውን ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ቆሼ ላይ ስትከምር ኖራለች። ተራራው ሲሞላ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰንዳፋ አጠገብ በፈረንሳይ የልማት ተቋም ገንዘብ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። ግንባታው አለቀ፣ ተመረቀ፣ ከባድ መኪኖቹ መመላለስ ጀመሩ፤ ሣጥኑ ውስጥ ምልክት ተደረገ፦ ተጠናቋል። ያላለቀው የሰንዳፋ ገበሬ ጉዳይ ነበር። ሽታው ቤቱ ገባ፤ ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ ብሎ ጮኸ፤ ሰሚ ሲያጣ መንገድ ዘጋ። ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ በ2008 ክረምት፣ ማስወገጃው ቆመ። ቆሻሻውስ? ተመልሶ ወደዚያው ወደ ሞላው ቆሼ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተራራው ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ።

የአደጋውን መንስኤ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ መጫን አይቻልም፤ ቆሼ ቀድሞም የተራገፈበት ከአቅሙ በላይ ነበር። ግን አስቡት። የሰንዳፋው ፕሮጀክት ከመመረቁ በፊት «ተሳካ» የሚባለው ግንባታው ሲያልቅ ሳይሆን ጎረቤቱ ገበሬ ሁለት ክረምት አብሮት መኖር ሲችል ነው ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገረው ማን ይሆን ነበር? መሐንዲሱ ራሱ! ሥራ አስኪያጁ ራሱ! የክፍያው የመጨረሻ ክፍል የተያዘበት ሰው ገበሬ ለማነጋገር ጊዜ አያጣም።

አሁን ወደ ግሉ ዘርፍ ልሻገር፤ እዚያ ቁጣዬ ይጨምራል። በአንድ ባንክ ውስጥ ጥቂት አክሲዮን አለኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ ሌሎቹም ከእሱ አይሻሉም። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቦርድ ሰብሳቢው ትርፉን በቢሊዮን አንብቦ ጭብጨባው ጋብ ሲል እጄን አነሣሁ። «ካበደርናቸው ፋብሪካዎች ውስጥ ፍሳሻቸውን ወደ አቃቂ ወንዝ የሚለቁት ስንቶቹ ናቸው?» አልኩ። ሰብሳቢው በትሕትና «ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ከአጀንዳችን ጋር ግን አይሄድም» አሉኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ አባት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ የትርፍ ድርሻችንን አታዘግይብን» ቢሉኝ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ያው የአብዬን ወደ እምዬ ነው። ቆዳ ፋብሪካው ፍሳሹን ለማጣራት ያላወጣው ገንዘብ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዕዳው በወንዙ አድርጎ ወደ ታች ይወርዳል። በአቃቂ ዳርቻ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ተመራማሪዎች በአትክልቱና በአፈሩ ውስጥ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። አትክልቱ ወደ ከተማው ገበያ ይገባል። የኦዲት ሪፖርቱ «ትክክለኛና ሚዛናዊ» ነው የሚል ፊርማ አለበት። የቱ ሚዛን? ዕዳውን ሌላ ሰው በኩላሊቱ እየከፈለለት ያለን ድርጅት «አትራፊ» ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ይደረግ ብሏል። ጥናቱን የሚያስጠናው ግን ባለፕሮጀክቱ ራሱ፣ በራሱ ገንዘብ ነው። ገምግሞ የማጽደቁ ሥልጣንም ለዓመታት ለየሴክተሩ መሥሪያ ቤት ተላልፎ ስለነበር፣ የማዕድኑን ጉዳት የሚመዝነው ማዕድን እንዲስፋፋ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ነበር። በዚህ አሠራር የለገደምቢ ወርቅ ለዓመታት ወጣ፤ ፈቃዱም ለተጨማሪ አሥር ዓመት ታደሰ። የአካባቢው የሻኪሶ ሰው ሕፃናት አካላቸው ተጎድቶ እየተወለደ ነው፣ ከብት እየሞተ ነው እያለ ጎዳና ሲወጣ በግንቦት 2010 ማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ሁለት አሥርት ዓመታት ሙሉ በኪሎ ግራም የሚመዘን ወርቅ ሪፖርት ተደርጓል። የእናቶቹ አቤቱታ ቁጥር ሆኖ የሚገባበት ሠንጠረዥ ግን አልነበረም። ማዕድኑ በ2013 እንደገና እንዲከፈት ተፈቀደ።

አንዱን ለክቶ ሌላውን መተውም ያው ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ሐይቁ ጠብታ እንዳይለቅ ታስቦ መሠራቱ ትልቅ ኩራት ነበር። ለአንዴም ቢሆን ስለ ውሃው ታስቧልና እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሸሚዙን የምትሰፋዋ ልጅስ? የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዟ በወር 26 ዶላር ነው አሉ፤ የባንግላዴሿ እህቷ 95፣ የኬንያዋ 207 ታገኝ ነበር። በ26 ዶላር የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ለእናት የሚላክ! ሠራተኞቹ በብዛት ጥለው ከመሄዳቸው የተነሣ ፋብሪካዎቹ በዓመት ውስጥ የሰው ኃይላቸውን ሙሉ በሙሉ የሚተኩ ያህል ሆነ። «ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለው ሪፖርት ግን አልተቋረጠም፤ ወጥታ የሄደችውም በእሷ ቦታ የገባችውም ያው አንዳንድ ዕድል ሆነው ይደመራሉ። ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። ካለ ዓመታት ተቆጠሩ።

እዚህ ላይ የሚመጣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ድሃ አገር ነን፤ መጀመሪያ እንደግ፣ ወንዙን በኋላ እናጸዳዋለን። መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ።» እኔም የዝንጀሮዋ ወገን ነኝ! መቀመጫችን ምን ሆነና? ብዙው ሕዝብ የሚበላው ከአፈሩ ነው፣ የሚጠጣው ከምንጩ ነው። የሐረር ከተማ ትጠጣበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ደርቆ አይተናል፤ ጫት አልሚውም፣ ከተማውም፣ ደለሉም ተባብረው። ያኔ ከሐይቁ የሚሰበው እያንዳንዱ ድርጅት በየራሱ መዝገብ ስኬታማ ነበር። ሀብታም አገር ወንዙን አቆሽሾ የታሸገ ውሃ ሊገዛ ይችላል። እኛ በምን ገዝተን?

«አይለካም» የሚሉኝም አሉ፤ እነዚህኛዎቹ የተማሩት ናቸው። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲያቀርቡ ሲታዘዙ አማካሪ ቀጥረው፣ ሶፍትዌር ገዝተው፣ ገና ያልተከሰተ የብድር ኪሳራን ሳይቀር አስልተው አቀረቡ። ያልደረሰን ኪሳራ የሚያሰላ ባለሙያ ከፋብሪካ ቱቦ በታችና በላይ ያለውን የወንዝ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ መላክ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ደግሞም ለክተን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሺህ ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቁጥሩ 68 ደረሰ። የምዕተ ዓመቱን የሕፃናት ሞት ግብ ከጊዜው ቀድመን መታነው። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ በእግራቸው የሠሩት ሥራ ድርሻው ትልቅ ነው። ይህን ግን ያወቅነው ጤና ኬላ ቆጥረን አይደለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ጠያቂዎች በየጥቂት ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ስንት ወለዳችሁ፣ ስንቱ ቀረላችሁ ብለው ስለጠየቁ ነው። ጠያቂዋ ከጤና ሚኒስቴር የተላከች አይደለችም፤ ሚኒስቴሩን የማስደሰት ግዴታም የለባትም። ምን ያህል ከባድ ጥያቄ እንደሆነ አስቡት፤ ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቁጭ ብሎ። ያንን መጠየቅ የቻለች አገር ለአንድ ቆዳ ፋብሪካ «ወንዙስ?» ማለት ይከብዳታል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለተቆጣጣሪዎቹ ነው፤ በኩባንያዎች በጎ ፈቃድ የሚመጣ ነገር ጠብቄ ደክሞኛል። ዓመታዊ ሪፖርታቸው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ለአረጋውያን ማዕከል ብርድ ልብስ ሲያስረክብ የሚያሳየውን ፎቶ ይተዉልኝ። የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከትርፍና ኪሳራው መግለጫ ጎን የውሃው፣ የአፈሩና የሠራተኛው መግለጫ እንዲቀርብ ያዝዝ፤ ለኪዩ ባለጉዳዩ ያልቀጠረው ይሁን፤ ውጤቱም በጉባኤው ላይ ከትርፉ በፊት ይነበብ፣ ቀይ የበራበት ሥራ አስኪያጅም ቦነስ አይውሰድ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ካፒታል እስከ ሰኔ 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር ይሙላ ብሎ ቀን ሲቆርጥ ማንም «አይለካም» ወይም «ከአጀንዳ ውጪ ነው» ያለ አልነበረም፤ ባንክ ሁሉ አክሲዮን ለመሸጥ ደጃችንን አንኳኳ። ለአቃቂ ወንዝስ ቀን የሚቆርጠው መቼ ነው?