የጤና አገልግሎት በሰዓት ይመዘን

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ብሂል ያልሰማ ተማሪ አይኖርም። ብሂሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተጠነቀቀ ሰውም አንዳንድ ጊዜ ይታመማል። በታመመ ጊዜ መዳን አለመዳኑን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ከቤቱ እስከ ሕክምናው ያለው ርቀት ነው። ርቀት ስል ኪሎ ሜትር ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ሰዓት ማለቴም ነው። በእኔ እምነት የአንድ ወረዳ የጤና አገልግሎት መመዘን የሚገባው በሕንፃዎቹ ብዛት ሳይሆን፣ ከሁሉ ርቆ የሚኖረው ሕመምተኛ በስንት ሰዓት ውስጥ ሕክምና ያገኛል በሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ አሳብ ዋጃን በምሳሌነት እንውሰድ። ዋጃ ከወልድያ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ቆቦም አላማጣም ሆስፒታል ስላላቸው፣ ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው አካባቢው ከሕክምና የራቀ አይመስለውም። ካርታው የማያሳየው ነገር ግን አለ። ከአውራ ጎዳናው ርቀው በሜዳው ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። በክረምት ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ይቆራርጠዋል። በበጋ አሸዋ ብቻ የነበረው የወንዝ መውረጃ በነሐሴ ሰው አያሻግርም። ስለዚህ በጥር አንድ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በነሐሴ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ጎርፉ ሲጎድል ደግሞ ኩሬው ይቀራል። የወባ ትንኝ በዚህ ኩሬ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ሁለት ሳምንት ያህል በማይሞላ ጊዜም አዳዲስ ትንኞች ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ወቅት ማሽላው የሚያፈራበትና የሚደርስበት ጊዜ ነው። ገበሬውና ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ቀን ከወፍ፣ ሌሊት ከአውሬ እህሉን ይጠብቃሉ፤ ብዙዎቹም ማማ ላይ ያድራሉ። አጎበሩ ግን የተሰቀለው ቤት ውስጥ ነው። እንግዲህ ያ ሰው በወባ ቢያዝ ስንፍና ነው እንላለንን? ገበሬው የዓመት ቀለቡን ጥሎ ወደ አጎበሩ ሊገባ አይችልም።

ከወባ ዓይነቶች ሁሉ ገዳይ የሆነው ፋልሲፓረም የተባለው ነው። ሕመምተኛው ትኩሳት ከጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ መድኃኒት ሊጀምር ይገባዋል። ከዚያ ከዘገየ፣ በተለይ በሕፃናትና በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ በሽታው ወደ አንጎል ሊዛመት፣ ደምንም ሊያሳጣ ይችላል። የጣት ደም ወስዶ መመርመርና ክኒን መስጠት ትልቅ ሆስፒታል የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው በቅርብ የሚገኝ ጤና ኬላ፣ የሠለጠነ ሰውና ያልጎደለ መድኃኒት ነው።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። ይህም ጥፋት በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ሆነ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ወደ ገጠር የሚወርዱ ነበሩ። በዚያው ዘመን ቤቶችን ዲዲቲ በመርጨት ወባን የመከላከል ሙከራ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ቆላ ነበር። በ1951 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ወባ ወደ ወይና ደጋው ወጥቶ በአገሪቱ 150,000 ያህል ሰው ገደለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመደብ ሲጀምሩ፣ ሕክምና ወደ ገበሬው ደጃፍ ቀረበ። ያም ሆኖ ድሉ ዘላቂ አልሆነም። እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በነበሩት ዐሥር ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

«ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ትልቅ ሆስፒታል ይሠራልን» የሚሉ አሉ። አሳባቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ስትወልድ ደም የሚፈሳት እናት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናና የደም ልገሳ ደግሞ ጤና ኬላ ውስጥ አይገኙም። ሆስፒታል የግድ ያስፈልጋል። ሆኖም ሆስፒታሉ የሚያድነው የደረሰለትን ሰው ነው። በቃሬዛ ተሸክመውት ከሞላ ወንዝ ዳር የቆመውን ሕመምተኛ ማዳን አይችልም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት በራያና በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋልም። ያለው ገንዘብ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ካልበቃ፣ ሥራው ከራቀው ቀበሌ መጀመር አለበት እላለሁ።

ይኸውም ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ መንገዱ በጎርፍ ከመቋረጡ በፊት መመርመሪያውና መድኃኒቱ በሰኔ ጤና ኬላው ይግባ። ሁለተኛ፣ የመውለጃ ጊዜያቸው የቀረበ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ አስቀድመው ይምጡ። ሦስተኛ፣ ማማ ላይ ለሚያድሩት አጎበር ተጨምሮ ይሰጣቸው።

እናንተ ተማሪዎች ከዚህ ጉዳይ የራቃችሁ አይምሰላችሁ። በመጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን የተመለመሉት ዐሥረኛ ክፍልን ያጠናቀቁና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ እንደ እናንተ በደብተርና በብዕር የጀመሩ ማለት ነው። እስቲ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከደጃፋችሁ እስከ ጤና ኬላው ያለውን መንገድ በሰዓት ለኩት። ቀጥላችሁም በነሐሴ ሌሊት፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን በጀርባችሁ አዝላችሁ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባችሁ አስቡ። የምታገኙት ቁጥር ከ24 የሚበልጥ ከሆነ፣ ዝም ማለት አይገባችሁም።