መርፌው ይቅደም ወይስ ጓንቱ?

የጥርስ ባለሙያ የሚሠራው ከታካሚው አፍ በስንዝር ርቀት ላይ ነው። ታካሚው ማስክ አያደርግም፣ ባለሙያውም «ራቅ በል» ሊለው አይችልም። መቦርቦሪያው ሲሽከረከር ውሃና ምራቅ ተደባልቆ ይረጫል፤ መነጽር ላይ ካረፈው የሚብሰው በዓይን የማይታየው፣ ክፍሉ አየር ውስጥ የሚቀረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ኮሮና በኅብረተሰቡ ውስጥ በተሰራጨባቸው ቦታዎች የማያስቸኩል የጥርስ ሕክምና እንዲዘገይ የመከረው ለዚህ ነው።

ምክሩ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወዳሉት ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ሲደርስ ግን አስቸጋሪ ይሆናል። እዚህ ለጥርስ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው በአብዛኛው ጉንጩ አብጦ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ለማስነቀል ነው። በለቀማ ወቅት የቀን ገቢውን ጥሎ ከበበቃ ቡና እርሻ የመጣን ሰው «ወረርሽኙ ሲያልፍ ተመለስ» ማለት፣ መንደር ውስጥ በጉጠት ወደሚነቅል ሰው መላክ ነው።

ስለዚህ ክፍሉ ክፍት ይሁን ካልን፣ ባለሙያው የኮሮና ክትባት ይውሰድ የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው። ታካሚው ባለሙያ አያማርጥም፤ ባለሙያው ከታመመም ተተኪ የለም፣ በሩ ይዘጋል። ክትባቱ አገር የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ተጀመረ። ሆኖም በዚያው ዓመት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች በ405 የጤና ባለሙያዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ክትባቱን እወስዳለሁ ያሉት 48.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን ቁጥር አይቶ «ተምረው እንዲህ ከሆኑ ሌላው ምን ይሁን» ያለ ብዙ ነው። እኔ ግን ለመፍረድ አልቸኩልም። ዴንማርክ በደም መርጋት ስጋት ያንኑ የእኛን ክትባት፣ አስትራዜኔካን፣ ያገደችው እኛ ልንጀምር ሁለት ቀን ሲቀረን ነው፤ ጀርመንና ፈረንሳይም በቀናት ውስጥ ተከተሉ። ብዙም ሳይቆይ ሕንድ ክትባቱን ወደ ውጭ መላክ ስታቆም ሁለተኛው ዙር አጠራጣሪ ሆነ። ዜናውን በስልኩ የሚከታተል ባለሙያ ቢያመነታ ድንቁርና አይደለም። በኋላ አደጋው በመቶ ሺህ አንድ ገደማ መሆኑ ሲታወቅ ግን ያ ምክንያት አቅሙን አጣ፤ ከዚያ ወዲያ «አልከተብም» ያለ ሰው የሚያቀርበው ሌላ ምክንያት ያስፈልገው ነበር።

የሚያቀርቡትም አላጡም፤ እኔ የምሰማውም እሱን ነው። «አንዱን ማስክ ለቀናት እንድንጠቀም እየተደረገ፣ ስለ መርፌ ለምን እንጠየቃለን?» ይላሉ። ችግሩ ማስክ ብቻም አይደለም፦ አውቶክሌቭ መሣሪያን ለማምከን በ121 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ከመጀመሪያው መድገም ነው፣ ወረፋው ደግሞ ደጅ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ጉጠቱን በረኪና ውስጥ ነክሮ መቀጠል ይፈትናል። በረኪና መንከር ግን ማምከን አይደለም፤ እዚህ ላይ ምንም ክትባት ቀጣዩን ታካሚ አያድነውም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ ቫይረስ ሲገኝም የተፈቀደ ክትባት አልነበረም፤ የነበረው ጓንት፣ መከላከያ ልብስና ጥንቃቄ ነው።

በዚህ ነጥብ የባለሙያዎቹ ወገን ያመዝናል። ነገር ግን «ዕቃው ይቅደም» የሚለው መልስ ሁሉንም ክትባት አያስቀርም። ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት ሰው መርፌ ከተወጋ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ በኤችአይቪ ግን 0.3 በመቶ ነው። ማደንዘዣ ሲወጋ፣ ድድ ሲሰፋ ለሚውል እጅ ድርብ ጓንት እንኳ መርፌን አያቆምም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለአሥርት ዓመታት የተፈተነ ነው፤ በሦስት ዙር፣ በስድስት ወር ያልቃል። ያም ሆኖ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ሦስቱንም ዙር የጨረሱ የጤና ባለሙያዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ክትባቱን አላገኙትም እንጂ አልጠሉትም። «የአመለካከት ችግር» የሚባለው ግማሹ የአቅርቦት ችግር ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለክልሉ ጤና ቢሮና ለሆስፒታል ኃላፊዎች ነው፦ ለጥርስ ክፍል የሚቀጠር ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በነጻ ይሰጠው፣ ለአውቶክሌቩም ጄኔሬተር ይመደብለት። ይህ ተሟልቶለት አልከተብም ያለውን ያን ጊዜ ጠይቁት።