ሁለት አባት፣ አንድ ፈረሰኛ

ጋሼ፣

ይህን ፊት ለፊት ልንገርዎ ብል «ተይ እንግዲህ» ብለው ወሬውን እንደሚያስቀይሩኝ ስለማውቅ በደብዳቤ አደረግሁት። ሰው ሁሉ እንዲያነበው የፈለግሁትም የእንጀራ አባት በተነሣ ቁጥር የሚወራው ክፉ ክፉው ብቻ ስለሆነ ነው።

እማዬን ሲያገቡ ልጅ ነበርኩ። አባዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከግቢው በር አያልፍም፤ ውጭ ቆሞ ያስጠራኝ ነበር። አንድ የፋሲካ ዕለት እርስዎ ጋቢዎን እንደደረቡ ወጡና «በዓመት በዓል ሰው በር ላይ አይቆምም» ብለው እጁን ይዘው አስገቡት። እማዬ ደንግጣ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። ሁዳዴን 55 ቀን ጾመን ዶሮ ወጡን በጉጉት የምንጠብቅ ልጆች ግን ዓይናችን ከድስቱ ላይ አልተነቀለም።

የዶሮ ብልት 12 ነው። ፈረሰኛው ግን አንድ ነው፤ እሱም የአባወራው ድርሻ ነው። እማዬ ጭልፋዋን ይዛ አንዴ እርስዎን፣ አንዴ አባዬን እያየች ቆመች። በመጨረሻ ለእርስዎ አወጣችው። እርስዎ አንሥተው አባዬ ፊት አኖሩት። እሱ መለሰው።

«በሞቴ!»

«ኧረ እኔን አፈር ያድርገኝ!»

«እንግዳ አይደለህ እንዴ?»

«ቤቱ የማን ሆነና ነው?»

ፈረሰኛው ከትሪው ዳር እዳር ሲመላለስ፣ ትንሹ ወንድሜ እጁን ሰደድ አድርጎ ወሰደውና አጥንቱ እስኪቀር ጋጠው። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ አባዬ ሳቀ። እርስዎም እንባዎ እስኪወርድ ሳቁ፤ ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ብቅ አለ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ለበዓል ሁለት ዶሮ ትሠራለች።

አባዬም ውሎ አድሮ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ይመጣ ጀመር። በእሱ በኩል ያለችው እህቴና በእማዬ በኩል ያለው ወንድሜ ዝምድናቸው በእኔ በኩል ብቻ ነው። እነሱ ግን እኔን ትተው አብረው ይጣላሉ፣ አብረው ይታረቃሉ። ሰው ሲጠይቃት «የእህቴ ወንድም ነው» ትላለች፤ የሚሰማት ሁሉ ግራ ገብቶት ይሄዳል።

ሽማግሌ የተላከብኝ ዕለት ግን ከሁሉም ይበልጣል። አባዬ ሲገባ «ኖር!» ብለው ተነሥተው ዋናውን ወንበር ለቀቁለት። እሱ አልቀመጥም አለ። ሁለታችሁ ስትቆሙ ሽማግሌዎቹም ተነሡ። «በእግዜር!» «ኧረ ኖር!» እየተባለ ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሞ ቀረ። በስንት ልመና ተቀምጣችሁ ትልቁ ሽማግሌ «የልጅቱ አባት ሆይ» ብለው ሲጀምሩ፣ አባዬ ወደ እርስዎ፣ እርስዎ ወደ አባዬ ጠቆማችሁ። ጆሯቸው ደከም ያለው እናትዎ ከጓዳ «ስንት ልጅ ነው የሚጠይቁት?» ብለው የጮኹትን እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል። ደግነቱ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ዘር እስከ 7 ቤት ሲቆጠር ደግሞ ቆጣሪው የቱ የማን እንደሆነ ጠፍቶባቸው ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ያሳደጋት እሱ ነው፣ ቀጠሮውን እሱ ይስጥ» አለ አባዬ። «የወለዳት እሱ ነው» አሉ እርስዎ። ስትገባበዙ እሱ እሑድ፣ እርስዎ ቅዳሜ ብላችሁ ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀጠሮ ይዘው ወጡ፤ በሁለቱም ቀን መጥተው በሉ፣ ጠጡ።

ጋሼ፣ አንድም ቀን ከሁለታችን ማንን ትመርጫለሽ አላሉኝም። አባዬን ሳነሣ ፊትዎ ጠቆር ብሎ አላየሁም። በዚያ ቤት እንደልቤ የሳቅሁት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ስለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

አባዬ ለቅልቅሉ ቀን ካባ ልንለብስ ተስማምተናል ብሎኛል። እኔ ሳልሰማ ስንት ጊዜ ተደዋውላችኋል? ብቻ ቀለሙን አንድ ዓይነት አድርጉልኝ።

ልጅዎ