መስማት የተሳነው ልጅ የት ይማር?

ልጁ መስማት እንደማይችል የተረጋገጠ ዕለት በብዙ ቤት ሦስት ሐሳብ ይነሣል። አያት «ቆይ፣ ይናገራል፤ አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይላሉ። አባት ሐኪምና መሣሪያ ያፈላልጋል። ውጭ አገር ያለችው አክስት ደግሞ ትደውልና «ወደዚህ ላኩልኝ፤ እዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ» ትላለች። ሦስቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው። ሦስቱም ግን ጊዜ ይፈጃሉ፤ ለዚህ ልጅ ደግሞ ከጊዜ የበለጠ ውድ ነገር የለም።

ዛሬ በአሜሪካ፣ በስዊድን፣ በደቡብ አፍሪካና በአገራችን መስማት የተሳናቸው ልጆች እንዴት እንደሚማሩ እናነጻጽራለን። በየአገሩ ያለውን ማወቅ «የት እንውሰደው?» ለሚለው ብቻ ሳይሆን «እዚሁ ምን እናድርግለት?» ለሚለውም ጥያቄ ይረዳል።

መጀመሪያ የጊዜውን ነገር እንይ። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። የሚሰማ ልጅ ፊደል ለመቁጠር ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ቢያንስ አራት አምስት ዓመት ሙሉ ቋንቋ ሲሰማ ቆይቶ ነው። ተረት ሰምቷል፣ ተቆጥቷል፣ «ለምን?» እያለ ቤቱን አሰልችቷል። የምልክት ቋንቋ ያላየና መስማትም የማይችል ልጅ ግን «ትናንት»ን፣ «ነገ»ን፣ «ለምን»ን ሳያውቅ ሰባት ዓመት ሊሞላው ይችላል። የአእምሮ ችግር ስላለበት አይደለም። ቋንቋ የሚሰጠው ሰው ስላላገኘ ነው። የመጀመሪያ ቋንቋ በቀላሉ የሚያዘው በለጋነት ስለሆነ፣ ያለፉትን ዓመታት በኋላ መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ለዚህ ነው በአሜሪካ ሕፃናት በተወለዱ በ1 ወር ውስጥ የመስማት ምርመራ እንዲደረግላቸው፣ ችግር ካለ በ3 ወር እንዲረጋገጥ፣ በ6 ወር ደግሞ ድጋፍ እንዲጀመር የሚመከረው። እኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት እንወዳለን። ለዚህ ጉዳይ የሚስማማው ተረት ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ነገር በየቤቱ የሚሰማው ፍርሃት ነው፦ «በእጁ ማውራት ከለመደ በአፉ ጨርሶ አይናገርም።» ይህ ፍርሃት በዓለም ዙሪያ ብዙ ትውልድ ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1880 ጣሊያን ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡ የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ባለሙያዎች የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣና ልጆቹ በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች እጃቸውን ለማውራት ያነሡ ልጆች ይቀጡ ነበር። 130 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የተካሄደው የዚያው ጉባኤ ተከታይ ውሳኔውን በይፋ ውድቅ አድርጎ ጸጸቱን ገለጸ። ምልክት የለመደ ልጅ ንግግርም ጽሕፈትም መማር ይችላል። ቋንቋ ለቋንቋ መንገድ ይከፍታል እንጂ አይዘጋም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። በዚያ አገር የመጀመሪያው ቋሚ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት በ1817 ሃርትፎርድ ከተማ ተከፈተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሎራን ክሌርክ ራሱ መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር ነበር። ዋሽንግተን የሚገኘው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዲግሪ እንዲሰጥ በ1864 በፕሬዚዳንት ሊንከን ፊርማ ተፈቀደለት። ከዚህ ተቋም በ1954 የተመረቀው የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ አንድሪው ፎስተር በ1957 ወደ ጋና ተሻግሮ፣ በሕይወት ዘመኑ በአፍሪካ ከ30 በላይ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶችን አቋቁሟል።

የአሜሪካ ትልቁ ጥንካሬ ግን ከሕንፃው ይልቅ ሕጉ ነው። በ1975 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው ሕግ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የትምህርት ዕቅድ እንዲጻፍለት፣ ዕቅዱም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲታይ ያዝዛል። ወላጅ በስብሰባው የሚቀመጠው እንደ አባል ነው። ካልተስማማም መከራከር ይችላል። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ በጋላውዴት ግቢ ውስጥ ከሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ። በሜሪላንድም በፍሬደሪክና በኮሎምቢያ ከተሞች የክልሉ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ይገኛል።

ይሁንና በአሜሪካ አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩት ከሚሰሙ ልጆች ጋር በመደበኛ ትምህርት ቤት ነው። አስተርጓሚ ክፍል ውስጥ ይመደባል። ደወል ሲደወልስ? ኳስ ሜዳው ላይ፣ ምሳ ሲበላ፣ ልጆች ሲቀላለዱ አስተርጓሚው አብሮ አይሮጥም። ፈተናውን እያለፈ አንድም የልብ ጓደኛ ሳይኖረው የሚያድግ ልጅ አለ። እዚያ ያላችሁ ወላጆች «ከመደበኛ ልጆች ጋር ነው የሚማረው» ሲባል ከመደሰታችሁ በፊት በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠይቁ።

ስዊድን በሌላ መንገድ ሄዳለች። የስዊድን ፓርላማ በ1981 መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሁለት ቋንቋ፣ ማለትም የምልክት ቋንቋና ስዊድንኛ፣ እንደሚያስፈልጋቸው ተቀበለ። የ1983ቱ ሥርዓተ ትምህርትም በዚሁ መሠረት ተቀረጸ። ልጁ በምልክት ቋንቋ ይማራል፤ ስዊድንኛን በንባብና በጽሕፈት ይይዛል። በእነዚህ ልዩ ትምህርት ቤቶች የግዴታው ትምህርት 10 ዓመት ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ ኦሬብሮ በምትባል ከተማ ባለው ብሔራዊ ትምህርት ቤት መቀጠል ይቻላል። ከሁሉ የሚደንቀው ለወላጅ የተሰጠው ቦታ ነው፦ የምልክት ቋንቋ የሚያስፈልገው ልጅ ወላጆች እስከ 240 ሰዓት የሚደርስ ትምህርት እንዲያገኙ መንግሥት ይደግፋል። «ልጃችሁን እናስተምራለን፤ እናንተም ከእርሱ ጋር መነጋገር ተማሩ» እንደማለት ነው።

ዛሬ በስዊድን አብዛኞቹ ልጆች ገና በጨቅላነታቸው ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባለው መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ይገባላቸዋል። በዚህም የተነሣ ብዙዎቹ መደበኛ ትምህርት ቤት ይገባሉ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ መሣሪያው ጆሮን እንደ አዲስ አይፈጥርም። ከጆሮ ውጭ የሚደረገው ክፍል ባትሪና ጥገና ይፈልጋል። ልጁም የሚሰማውን ድምፅ ትርጉም እንዲለይ ለዓመታት ባለሙያ ሊያሠለጥነው ይገባል። ቀዶ ሕክምናው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። ለሕክምና ወደ ውጭ ለመሄድ የምታስቡ ቤተሰቦች ከተመለሳችሁ በኋላ ማን እንደሚከታተለው፣ ዕቃው ቢሰበር ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እየተጠባበቃችሁም የምልክት ቋንቋውን አታቋርጡ።

«እነርሱ ሀብታም ናቸው» የሚል ካለ ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። በ2018 የደቡብ አፍሪካ የምልክት ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተሰጠ። በ2023 ደግሞ 12ኛው የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆነ። ጎረቤታችን ኬንያም በ2010 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ የምልክት ቋንቋዋን አስገብታለች። ሕግ ብቻውን መምህር አያፈራም፤ በእነዚህ አገሮችም እጥረቱ አለ። ነገር ግን ልጁ የሚያውቀው ቋንቋ ተፈትኖ ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ ወላጅም መምህርም ቋንቋውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

በእኛ አገርስ? በአዲስ አበባ የመካኒሳና የአልፋ፣ በሆሳዕናም ያለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የታወቁ ናቸው። በየከተማው በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ የተከፈቱ ልዩ ክፍሎችም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም ልጆች የምልክት ቋንቋ እንዲማሩ መንግሥታትን ያስገድዳል።

የእኛ የጣት ፊደል ራሱ የሚያኮራ ነው። አሜሪካኖቹ 26 ፊደላቸውን በጣት ይሠራሉ። የእኛው ግን ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ ይይዝና፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። «ለ» ብሎ «ሉ»፣ «ሊ» ሲል ቅርጹ ያው ነው፤ የሚለወጠው እንቅስቃሴው ነው። ልጁ ስሙንና የአያቱን ስም በራሳችን ፊደል፣ በእጁ ይጽፋል።

ችግራችንም ግልጽ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ከገጠር የሚመጣ ልጅ ከቤቱ መለየት አለበት። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ከሚሰሙ ተማሪዎች ጋር ይቀላቀላል፤ አስተርጓሚ ከሌለ ሰሌዳ እየገለበጠ ይውላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ደረጃውን ሲመዘገብ ጀምሮ «ከዚህ በኋላስ የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ አክስቲቱ ሐሳብ እንመለስ። ልጁ ከወላጆቹ ጋር በሕጋዊ መንገድ ኑሮውን አሜሪካ ካደረገ የሕዝብ ትምህርት ቤት በነፃ ይማራል። ለብቻው በተማሪ ቪዛ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ቪዛ እስከ 8ኛ ክፍል በሕዝብ ትምህርት ቤት መማር አይፈቀድም። ሁለተኛ ደረጃም ቢሆን ሙሉ ወጪውን ከፍሎ ከ12 ወር አይበልጥም። በጉብኝት ቪዛ ሄዶ መማርም አይቻልም። በዚህ ተስፋ ሁለትና ሦስት ዓመት ቪዛ የሚጠባበቅ ልጅ ዋናዎቹን የቋንቋ ዓመታት ቤት ተቀምጦ ያሳልፋል። ጉዞው ይሳካል አይሳካም ሳይባል እዚሁ ዛሬ መጀመር ይሻላል። ሌላም አለ፦ የአሜሪካና የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋዎች አንድ አይደሉም። እዚያ ያደገ ልጅ ሲመለስ ከእኛ ጋር በምን ይነጋገራል?

የትም አገር ይሁን፣ ትምህርት ቤት ስትመርጡ እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቁ። አንደኛ፣ መምህሩ ራሱ ምልክት አቀላጥፎ ይናገራል ወይስ አልፎ አልፎ ብቻ ይጠቁማል? ሁለተኛ፣ መስማት የተሳናቸው መምህራን አሉ? ልጁ አድጎ ምን መሆን እንደሚችል የሚያየው በእነርሱ ነው። ሦስተኛ፣ በእድሜው ያሉ ስንት መስማት የተሳናቸው ልጆች አሉ? አራተኛ፣ አዳሪ ከሆነ ሌሊት የሚጠብቃቸው ማን ነው? በደል ቢደርስበት ለማንና በምን ቋንቋ ይናገራል? አምስተኛ፣ ለቤተሰብ የምልክት ትምህርት ይሰጣል? የማይሰጥ ከሆነ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ጠይቁ።

የመጨረሻው ቃል ለአያቶች ነው። በበዓል ቀን ቡና ተፈልቶ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ሁሉም በአንድ ጨዋታ ሲስቅ፣ ያ ልጅ የእናቱን ክንድ ነክቶ «ምን ተባለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ «ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» ነው። ያ «በኋላ» ብዙ ጊዜ አይመጣም። ምርጥ ትምህርት ቤት የገባ ልጅም በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ የሚያድገው እንዲህ ነው።

እማማ፣ አባባ፣ 240 ሰዓት አያስፈልግም። በአሥር ምልክት ይጀምሩ፦ ና፣ ብላ፣ ውሃ፣ ሕመም፣ ጎበዝ፣ ነገ፣ ለምን፣ ይቅርታ፣ ሳቅ፣ እወድሃለሁ። መምህሩ ራሱ ልጁ ይሁን፤ እጅዎ ሲሳሳት ይስቅብዎታል፤ ይሳቅ። የልጅ ልጅዎ ውጭ አገር ከሆነ በድምፅ አይደውሉ፤ በቪዲዮ ይደውሉና ፊትዎንና እጅዎን ብርሃን ላይ ያድርጉ። ዛሬ ማታ አንዱን ምልክት ይጠይቁት፤ ነገ ደግሞ ሌላውን።