ደግነቷን ብቻ አታውሩልኝ

አያቴ እስራኤል፣ ናታንያ ላይ ካረፈች ወዲህ ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት፣ ከዱባይ ስትደውሉልኝ ከርማችኋል። እግዜር ይስጥልኝ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለቅሶ የሚደርሰው በስልክ ነው፤ እሱንም አላጓደላችሁም። ሁላችሁም ግን ያነሳችሁልኝ ደግነቷን ነው። «ቤተ እስራኤሎች እኮ ደጎች ነበሩ!» ትሉኛላችሁ። ደግ መሆኗ እውነት ነው። ደግነቷ የትኛውን አጥር ተሻግሮ እናንተ ደጅ ይደርስ እንደነበር ግን ዘላችሁታል።

አያቴ የአምቦበር ሴት ናት። በጎንደር አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም። የሰው መሬት ያርሳል፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። እሷም ማሰሮ፣ ጀበና፣ ምጣድ እየሠራች ልጆቿን አሳደገች። ገንዘብ ላጣች ሴት ምጣዱን ሰጥታ «እህል ሲገባ ታመጪልኛለሽ» ትላለች፤ ሳይመጣ የቀረውን አታነሳውም። ከጎረቤት ቤት ግን እህል አትቀምስም። ከክርስቲያን ጋር ከተነካካች ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ ቤቷ አትገባም፤ ሕጓ ነው። በዚህ በኩል አጥሩን ያጠርነው እኛም ነን፣ አልክድም። በወዲያኛው በኩል የነበረው ግን ሌላ ነው። ቀን ገበያ ላይ ምጣዷን የገዛች ሴት ማታ ልጇን ከዓይኗ ትሸሽጋለች። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ይባላል። ሕፃን በታመመ ቁጥር ስሟ ይነሳል።

ስሟን ስታነሳ የኖረችው ጎረቤት ስትወልድ ታዲያ አያቴ አዲስ ድስት ትልክላታለች፣ ለገንፎው። ምግብ ብትልክ ማን ይበላላታል? እህል ያልነካው ሸክላ ግን የማንንም ሕግ አያፈርስም። ከዚያ ወገን ደግሞ ጥሬ እህል ይመጣል። እኔ ደግነት የምለው ይህን ነው፤ ለሚሰድብሽ ሰው የሚቀበለውን ነገር አስቦ መላክ።

እ.ኤ.አ. በ1984 እስራኤል ለመድረስ ሌሊት ሌሊት እየተጓዝን ሱዳን፣ ኡም ራኩባ ካምፕ ገባን። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ መደበቅ ነበረብን። ሰንበት እሳት የማትነካዋ አያቴ ሰው እንዳይጠረጥረን ቅዳሜ ቅዳሜ ጭስ ታጨስ ነበር፤ እያለቀሰች። በመንገድና በካምፕ ካለቁት ወደ 4,000 ከሚገመቱት ወገኖቻችን አንዱ የእሷ የመጨረሻ ልጅ ነው። የቀረነውን ዘመቻ ሙሴ በአውሮፕላን አነሳን።

እስራኤል ስንደርስ ደግሞ አይሁድነታችን አጠራጣሪ ሆኖ ተገኘና «ውሃ ውስጥ ተነከሩ» ተባልን። ዕድሜዋን ሙሉ ለመንጻት ወንዝ ስትወርድ የኖረችውን ሴት! ይህን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1985 መስከረምና ጥቅምት ኢየሩሳሌም ላይ አንድ ወር ያህል ከተቀመጡት ሰልፈኞች መካከል ነበረች። እዚያም ሆና ለሚጠብቋት ፖሊሶች ዳቦ ትቆርስ ነበር፤ እናቴ እስከ ዛሬ በዚህ ትናደዳለች።

ናታንያ ላይ ዓርብ የሰንበት ዳቦዋን ጋግራ ለሞሮኳዊቷም ለሩሲያዊቷም ጎረቤቷ ደረጃ እየወጣች ታድላለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወገኗ ውጭ የሆነ ጎረቤት የእጇን ዳቦ በላላት። ለስግድ በዓል ነጭ ለብሳ ኢየሩሳሌም ስትወጣም ቁራሽ በጉያዋ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ልወቅሳችሁ አይደለም። ከደወላችሁልኝ መካከል አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ «እናቴ ቡዳ ናት እያለች ከደጃችሁ ታሸሸኝ ነበር፣ እኔም አምኜ ነበር» ብለውኛል። ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ ልቤ የገባው የእሳቸው ነው፤ አያቴን እንደ ነበረች ያስታወሱልኝ እሳቸው ናቸውና። ዛሬም በየሠርጉና በየምግብ ቤቱ ቡዳ እያልን እንቀልዳለን። ቀልዱ ማንን ያስለቅስ እንደነበር ለልጆቻችሁ የነገራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ልጄ የጦር ሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ ዘንድሮ ወደ አሜሪካ ትመጣለች። አማርኛዋ ሰባራ ነው፤ ስለ ቅድመ አያቷ መጠየቋ ግን አይቀርም። ድስቱንም ቡዳውንም ንገሯት።