ልጁን ሰነፍ ከማለታችን በፊት

ልጄ በርካሽ የተገዛለትን፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሣጥን ቤዝ ጊታር ሁለት ሳምንት እንደ ተለማመደ ጣቶቹ ቆስለው ጥግ አስቀመጠው። ስንፍና መስሎኝ ተቆጣሁ። ለካስ ክሮቹ ከአንገቱ እጅግ ርቀው ኖሯል።

እናቶች ሆይ፣ አንገቱ ካልጎበጠ ይህ በቤት ይስተካከላል። አራቱን ክሮች አላልታችሁ፣ ሣጥኑ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ቀጭን ፕላስቲክ አውጡ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ከታች በኩል ብቻ ፈግፍጉ። ክሩ 12ኛው የብረት መስመር ላይ 1 ሚሊሜትር ዝቅ እንዲል ከፕላስቲኩ 2 ሚሊሜትር ይነሣል። መጠኑን በእርሳስ አስምራችሁ፣ እየሞከራችሁ ሥሩ። እኔ ቸኩዬ ስላበዛሁት ክሩ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ድምፁ ተበላሸ፤ ከሥሩ ስስ ካርቶን አስገብቼ መለስኩት።

አሁን ልጄ ሳይነገረው ይለማመዳል። ቁጣዬ ግን ይጸጽተኛል።